የሚራመድ አይታይም

ፎቶ አንሺውን ሰፈሩ የሚያውቀው «አይንቀሳቀሱ» በሚል ቅጽል ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ ለመታወቂያ፣ ለመንጃ ፈቃድ፣ ለትምህርት ቤት ምዝገባ ሰው ወንበር ላይ እያስቀመጠ ይህንኑ አንድ ቃል ሲደጋግም ኖሮ፣ ቃሉ ስሙ ሆኖ ቀረ። ልጆች መንገድ ላይ ሲያገኙት ቀጥ ብለው ይቆሙና ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። እሱም ጣቱን ቀስሮ «ጨርሻለሁ፤ ተንፍሱ» ይላቸዋል።

ቤቱም ሥራ ቦታውም አንድ ነው። ታች ሱቁ፣ ከደረጃው ሥር ፎቶ የሚያጥብባት ጨለማ ክፍል፣ በጓሮ በኩል የራሷ በር ያላት የሚስቱ ወንድም ክፍል፤ ፎቁ ላይ ደግሞ እሱና ሚስቱ የሚኖሩባቸው ሁለት ክፍሎች። የፎቁ መስኮት ቁልቁል ወደ መንገዱ ያያል። ከመንገዱ ማዶ ረጅም ግንብ ያለው የጨርቅ መጋዘን አለ።

ሃምሳ ስምንት ዓመት ሲሞላው አንድ ቀን ሚስቱን «ፊት ሰለቸኝ» አላት።

«የኔንም?»

«ያንቺን ገና አልጨረስኩትም።»

ቀልድ አስመሰለው እንጂ የምሩን ነበር። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ሌሊት ሌሊት ካሜራውን በሦስት እግር መቆሚያው ላይ አድርጎ ከፎቁ መስኮት ይደቅነዋል፤ ብርሃን ማስገቢያውን አጥብቦ መዝጊያውን ይከፍትና ግማሽ ሰዓት ሙሉ እንደተከፈተ ይተወዋል። እሱ አጠገቡ ወንበር ላይ ይቀመጣል። አንዳንዴም ያንቀላፋል።

የመጀመሪያውን ፎቶ ያነሳው ቅዳሜ ሌሊት ነበር። ከማዕዘኑ መጠጥ ቤት የሚወጣው ሰው ሲዘፍን፣ ሲጣላ፣ ሲታረቅ አይቷል፤ እስከ ስልሳ ድረስ ቆጥሮ ተወው። በማግስቱ አጥቦ ሲያወጣው የመንገዱ ድንጋይ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ የመብራት ምሰሶው፣ ሽቦው፣ የግንቡ ስንጥቅ ሁሉ ጥርት ብሏል። መኪኖቹ የተዘረጋ የብርሃን ክር ሆነዋል። ሰው ግን የለም። ከስልሳው አንድ እንኳ የለም። ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ቢሆንም ፎቶውን ደጋግሞ አየው።

ፎቶውን የሱቁ መስታወት ላይ ሲሰቅለው ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ ማበጠሪያውን እንደያዘ ወጥቶ አየ።

«አይንቀሳቀሱ፣ ሕዝቡን የት አደረስከው?»

«ተንቀሳቀሰብኝ» አለ።

የሚስቱ ወንድም ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ለእህቱ ግን ዛሬም ማሙሽ ነው። እናታቸው የሞተችው እሱ ጡት ሳይጥል ስለነበር፣ በአሥራ አራት ዓመቷ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ስታገባም «እኔን የወሰደ እሱንም ይወስዳል» ብላ ይዛው መጣች። የራሷ ልጅ አልወለደችም። ማሙሽ አሁን ከማዶ ያለው የጨርቅ መጋዘን ግምጃ ቤት ኃላፊ ነው። የቁልፍ እንጥልጥሉ ወገቡ ላይ እየተንቋቋ ሲመጣ እህቱ ድምፁን ከሩቅ ትለየዋለች።

አንድ ማታ እራት ላይ ማሙሽ «ጋሼ፣ ይሄ ካሜራህ ሰው ይበላል እንዴ?» አለ።

«የሚራመድ ሰው አያይም። አንተ ስታልፍ አንዱ ድንጋይ ላይ የምትቆየው ዓይን እስኪጠቀስ ነው፤ ድንጋዩ ግን ግማሹን ሰዓት እዚያው ነው።»

«አሁን በመስኮትህ ሥር ባልፍ?»

«የለህም።»

«ብሮጥስ?»

«ጭራሽ የለህም።»

«የሰው ዘር በሙሉ?»

«ንጉሥም ቢሆን።»

ማሙሽ ሳቀ። እህቱ «እራትህ ቀዘቀዘ፤ ወሬ አያጠግብም» አለችው። ፎቶ አንሺው የቀረችውን ግማሽ ትምህርት ሊጨምር አፉን ሲከፍት የማሙሽ ስልክ ጮኸና ተነስቶ ወጣ። የቀረችው ግማሽ በዚያው ቀረች።

የመንገዱ ዘበኛ ቅጽሉ «ሰዓቱ» ነበር። ማታ ከመጋዘኑ በር ተነስቶ እስከ ማዕዘኑ፣ ከማዕዘኑም በመጋዘኑ የኋላ በር በኩል ዞሮ ወደ ፊቱ፣ ሳያሰልስ ሲዞር ያድራል። እንቅልፍ ያጡ ሰዎች ሲያስል ሰምተው ስንት ሰዓት እንደሆነ ያውቃሉ ይባላል። ፎቶ አንሺውን ያስቸገረው የሰዓቱ የእጅ ባትሪ ነበር። ሰውየው በፎቶው ላይ ባይታይም፣ ባትሪው ድመት የቧጨረች ይመስል በነጭ መስመር ፎቶውን ሁሉ ይሸነትረዋል። ስለዚህ አንድ ቀን ጠራው።

«በኔ መስኮት ፊት ስታልፍ ብታጠፋልኝ? ከበሩ እስከ ማዕዘኑ ብቻ።»

«ጋሼ፣ ባትሪ የሌለው ዘበኛ እኮ ጥርስ የሌለው ውሻ ነው።»

«የመንገድ መብራቱ አለልህ።»

ሰዓቱ ቆቡን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ፈገግ አለ። «እሺ፣ ለእርስዎ ሲባል ሌባ ቢረግጠኝም ልቻለው።»

ከዚያ ወዲህ በመስኮቱ ሥር በጨለማ ያልፍ ጀመር። ፎቶዎቹም ንጹሕ ሆኑ።

ከመጋዘኑ የጨርቅ ጥቅሎች የተሰረቁት ማክሰኞ ሌሊት ነው። ጠዋት ሲታይ የመጋዘኑ ግማሽ ባዶ ነው፤ የኋላ በር ቁልፉ አልተሰበረም። የዚያ በር ቁልፍ ሁለት ነው፤ አንዱ ማሙሽ ወገብ ላይ፣ ሌላው ዘበኛው ጎጆ ውስጥ ሚስማር ላይ። ፖሊስ የማሙሽን እህት ጠየቃት። «አልጋውን ያነጠፍኩለት እኔ፤ በሦስት ሰዓት ተኝቷል። ጠዋትም የቀሰቀስኩት እኔ ነኝ» አለች። እንዲያ ካለች በኋላ የቀረው ዘበኛው ሰዓቱ ብቻ ነበር፤ ይዘውት ሄዱ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ማሙሽ የመጋዘኑን ሥራ አስኪያጅ አስከትሎ ፎቶ ቤት ገባ።

«ጋሼ፣ ማክሰኞ ሌሊት አንስተሃል አይደል?»

አንስቶ ነበር። ፎቶው ገና ሳይደርቅ ገመድ ላይ ተንጠልጥሏል። እንደ ልማዱ ከጀርባው በእርሳስ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፎበታል፤ ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ ሰባት ተኩል እስከ ስምንት። ሥራ አስኪያጁ ፎቶውን ከገመዱ አውርዶ ወደ ብርሃኑ አዞረው።

«ይሄ የኛ በር ነው። ዘበኛው የታለ?»

«የለም እንግዲህ» አለ ማሙሽ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ቆዩ፣ እሱ እኮ...» ብሎ ፎቶ አንሺው ሲጀምር ሥራ አስኪያጁ ፎቶውን ቦርሳው ውስጥ ከቶታል፤ ስልክ እያወራ ወጣ። ማሙሽ ሊከተለው ሲል መለስ ብሎ የእህቱን ባል ትከሻ ነካ አደረገው። «አትጨነቅ ጋሼ።»

ፎቶ አንሺው በባዶው ገመድ ፊት ቆሞ ቀረ። ያን ማታ የነገርኩትን ረስቶታል ማለት ነው፣ አለ በልቡ። ከዚያ ደግሞ፣ የጨርቅ ጥቅል ቁጥር ለዓመታት በቃሉ የሚይዝ ሰው ይህን እንዴት ይረሳል አለ። ሁለተኛይቱ ሐሳብ መጥታ ከተቀመጠች በኋላ አልተነሳችም።

ሐሙስ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ሄደ። ሰዓቱ በፍርግርጉ በኩል ሲያየው ቆቡን ሊያወልቅ እጁን ወደ ራሱ ሰደደ፤ ቆቡ አልነበረም።

«ጋሼ፣ ፎቶው ላይ የለህም አሉኝ። እንዴት አልኖርም? በመስኮትዎ ሥር ሁለት ጊዜ አልፌያለሁ። ሁለቴም ባትሪዬን አጥፍቻለሁ።»

ፎቶ አንሺው ፍርግርጉን ያዘ። ይህ ሰው ባትሪውን ቢያበራ ኖሮ ሁለት ነጭ መስመሮች መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አቋርጠው፣ እነሆ እዚህ ነበርኩ ባሉለት ነበር። ያስጠፋው እሱ ራሱ፣ ፎቶ አንሺው ነው። የሰዓቱን ምስክር በገዛ አፉ አጥፍቶ ሲያበቃ በንጹሕ ፎቶው ተኩራርቷል።

ከጣቢያው በቀጥታ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሄደ። ሥራ አስኪያጁ በአክብሮት ወንበር ሰጠው።

«አባት፣ ሱቅዎ ላይ ምንድነው የተጻፈው?»

«ፎቶ አይዋሽም።»

«ታዲያ አሁን ይዋሻል ሊሉኝ ነው የመጡት?»

«አይዋሽም። ግን ሁሉን አይናገርም።»

«እሱ ጠበቃ ነው እንጂ ፎቶ አይደለም» ብሎ ሳቀ።

«ዘበኛው ያልታየው ሲራመድ ስለነበረ ነው።»

«ቢተኛስ?»

«ቢተኛማ ጥርት ብሎ ይታይ ነበር።»

«እንግዲህ የተኛ ይታያል፤ የሠራ አይታይም። ይሄን ዳኛ ፊት ቆሜ ልናገረው?» ሳቁን አቆመና የእጅ ሰዓቱን አየ። «እርስዎ የተከበሩ ሰው ነዎት፤ ነገሩ ግን ቁልፍ ነው። ነገ ከሰዓት ፋይሉ ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል። ከሄደ ደግሞ ዓመታት ነው። ሰውየው እዚያ እንደነበረ የሚያሳይ ነገር ካለዎት ከዚያ በፊት ያምጡልኝ።»

ምሽት ላይ ፎቶ አንሺው የጨለማ ክፍሉን ከውስጥ ቀርቅሮ ቀዩን አምፖል አበራ። ኔጋቲቩን ማጉያው ላይ አድርጎ መንገዱን ቁራጭ በቁራጭ እያጎላ ያጥብ ጀመር። የሚፈልገው ትንሽ ነገር ነው። ሰዓቱ የጫማውን ክር ለማሰር አጎንብሶ ከሆነ፣ ክብሪት ጭሮ ከሆነ፣ አንዲት ጭላንጭል እንኳ ብትሆን። መጀመሪያ ማዕዘኑን አየ፤ ምንም። ዋናውን በር አየ፤ ምንም። ሦስተኛው ቁራጭ የመጋዘኑ የጎን በር ነበር። ያ በር ግንቡ ውስጥ ገባ ያለ በመሆኑ በዓይን ሲያዩት ሌሊት ጥቁር ጉድጓድ ነው። ፊልም ግን እንደ ዓይን አይቸኩልም፤ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ጠብታ ጠብታውን ብርሃን ያጠራቅማል።

ወረቀቱን መድኃኒቱ ውስጥ ነክሮ ሳህኑን ቀስ ብሎ ሲያወዛውዝ በሩ ተንኳኳ።

«ማነው? እንዳትከፍት!»

«እኔ ነኝ ጋሼ።» ማሙሽ ነው። «ምን እያጠብክ ነው?»

«መንገዱን።»

ከበሩ ውጭ ቁልፎቹ ተንቋቁ።

«እሱን እኮ ሰጠሃቸው።»

«እያጎላሁት ነው። ሰዓቱን እየፈለግኩ ነው።»

«አታገኘውም። የሚራመድ አይታይም ብለህ የለ?»

ፎቶ አንሺው እጁ ሳህኑ ላይ ቆመ። አልረሳም። ቃል በቃል ነው የያዘው። ቀይ መብራቱ ሥር ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ የበሩ ጠርዝ ወጣ፤ ቀጥሎ የግንቡ ድንጋይ፤ ቀጥሎ ከድንጋዩ የማይቆጠር አንድ ነገር መጥቆር ጀመረ።

«አላልክም እንዴ ጋሼ?»

«ብያለሁ።»

ውጭ ያለው ሰው ሲተነፍስ በበሩ ስንጥቅ ይሰማል። ከዚያ እንደ ቀላል ነገር፣ እንደዋዛ ጠየቀ።

«የቆመስ?»

ሳህኑ ውስጥ አንድ ሰው ቆሟል። በበሩ ሥርጉድ ውስጥ ጀርባውን ግንቡ ላይ አስደግፎ፣ አንድ እግሩን አጥፎ ጫማውን ከግድግዳው ጋር አጣብቆ፣ ቀኝ እጁን ማጅራቱ ላይ አድርጎ፣ እንደ ሽመላ። ፊቱ ደብዝዟል፤ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አንገቱን ወዲያና ወዲህ ሲያዞር፣ በኋላ በር ላሉት ሊጠቁም ዘበኛው የት ደረሰ እያለ ሲጠባበቅ ነበርና። አካሉ ግን አልተነቃነቀም። ሰዓቱ ባትሪውን አጥፍቶ በሦስት እርምጃ ርቀት ሁለት ጊዜ አልፎታል።

«ኔጋቲቩ አንተ ጋ ነው?» አለ ማሙሽ። ድምፁ ወደ በሩ ተጠግቷል።

በዚያ መካከል የሚስቱ ጫማ ደረጃው ላይ ተሰማ። «ሁለት ወንድ በአንዲት በር ግራና ቀኝ ምን ይዶልታል? እራት ደርሷል እኮ። ክፈትልኝ፣ ያንን ውሃህን ልድፋልህ፤ ሽታው ፎቅ ድረስ መጥቷል።»

ወረቀቱን ወደ ሁለተኛው ሳህን አሻግሮ መቀርቀሪያውን ሳበ። እሷ ብቻ ገባች። ማሙሽ ከመድረኩ ውጭ እንደቆመ ነበር፤ በሩ ሲገፋ ጥላው አብሮ ተዘጋ። እጇን ወደ ባልዲው ስትሰድ ዓይኗ ሳህኑ ላይ ወደቀ። ፊቷ በራ።

«ውይ፣ ማሙሽ! አቋቋሙን እይልኝ። ስንት ጊዜ ግድግዳ አታቆሽሽ ብዬው...» ወደ በሩ ዞራ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «ማሙሽዬ፣ ና ጉድህን እይ! ጋሼህ አንስቶሃል!»

የቁልፎች ድምፅ ብቻ ተሰማ፤ ቀስ እያለ፣ በእጅ ተጨብጦ እንዳይንቋቋ የታፈነ ድምፅ። ከዚያ የጓሮው በር።

«ምን ሆነ?» አለች። «መቼ ነው ያነሳኸው?»

ባልዋ የኔጋቲቩን ፖስታ አቀበላት። ከላዩ የተጻፈውን ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበች። ማክሰኞ። ሰባት ተኩል። እንደገና አነበበችው። ቀጥሎ ያለችውን ባልዋ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

«ሹራቡን አልለበሰም» አለች። «በዚያ ብርድ።»

ከዚያ በባልዲው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እሱም አጠገቧ ተቀመጠ፤ ቀዩ መብራት እንደበራ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ እሱ ግን ያን ማታ እራት ላይ የተናገረውን በየት በኩል እንደሚያሸው ሲያስብ ቆየ።

«ብንቀደው ማን ያውቃል?» አለች በመጨረሻ።

«እኔ፣ አንቺ፣ እሱ።»

«ሦስት ሰው ነው።»

«አራት ነው። ጣቢያ ያለውን ረሳሽው።»

ያን ሌሊት መስኮቱ ላይ ካሜራ አልቆመም። ፎቶ አንሺው ኔጋቲቩን በሸሚዙ የደረት ኪስ አድርጎ ተኛ፤ እዚያ ቤት ከገባ ለመጀመሪያ ጊዜም የፎቁን በር ቆልፎ ወንበር አስደገፈበት። ሊነጋ ሲል የበሩ እጀታ አንድ ጊዜ፣ በቀስታ፣ ወደ ታች ወረደ። ቆየ። ተመልሶ ወጣ። ሚስቱ ነቅታ እንደነበር ያወቀው እጁን አጥብቃ ስለያዘችው ነው። የወንድሟን ስም ግን አልጠራችም።

ጠዋት ሲነሳ ለብሳ፣ ፎቶውን በጋዜጣ ጠቅልላ ብብቷ ሥር ይዛ ጠበቀችው።

«ተኝቷል ያልኩት እኔ ነኝ» አለች። «እኔው ልናገር።»

በሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሁሉንም ራሷ ተናገረች። ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በጣቷ አሳየች፤ እግሩን፣ እጁን፣ አንገቱን፤ ከስንት ዓመቱ ጀምሮ እንዲህ እንደሚቆምም ነገረቻቸው። የተጠራው መርማሪ ማሙሽን የሚያውቁ ሁለት ሠራተኞችን ለየብቻ አስገብቶ ምንም ሳይነግር «ይሄ ማነው?» አላቸው። ሁለቱም አላመነቱም። ማታውን ሰዓቱ ተፈታ። የማሙሽ ክፍል ሲፈተሽ አልጋው እንደተነጠፈ ነበር። የቁልፍ እንጥልጥሉ ትራሱ ላይ ተቀምጧል፤ የኋላው በር ቁልፍ ግን ከመካከሉ ወጥቷል። የፎቶ ቤቱ ቁልፍም የለም።

መጋዘኑ ቁልፉን በነጋታው ቀየረ። ፎቶ አንሺውም የራሱን ቀየረ፤ ሚስቱ ግን አዲሱን ቁልፍ ስትቀበል እጇ ላይ አገላብጣ አይታ «ቢመጣስ በምን ይገባል?» አለች።

ሰዓቱ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ግን መዞሩን ተወ። ማታ ማታ በፎቶ ቤቱ ትይዩ ከመብራት ምሰሶው ሥር ይቆምና እስኪነጋ አይነቃነቅም። ፎቶ አንሺው በመስኮት ብቅ ብሎ ተቆጣው።

«አንተ፣ ዙር እንጂ! የኋላው በር ክፍት ቢሆን በምን ታውቃለህ?»

«ጋሼ፣ ዞሬ ያገኘሁትን አየሁት እኮ። ከእንግዲህ ስፈለግ ልገኝ።»

«ባትሪህን አብራና ሂድ። እኔ ፎቶ አልፈልግም።»

«እርስዎ አይፈልጉ ይሆናል፤ የመጋዘኑ ሰዎች ግን ይፈልጋሉ» አለና እዚያው ቆመ።

ፎቶ አንሺው ማንሳቱን አልተወም፤ አሁን በየፎቶው ላይ ሰዓቱ ከምሰሶው ሥር እንደ ሐውልት ጥርት ብሎ ይታያል። ከሱ ወዲያ ያለው መንገድ፣ የጎን በሩ፣ ወደ ኋላ የሚያዞረው ጠባብ መተላለፊያ ጠባቂ የላቸውም። ፎቶ አንሺው ይህን ለማየት አጉሊ መነጽር አያስፈልገውም። የምትጠቀምበት ሚስቱ ናት። ፎቶው በደረቀ ቁጥር ጠዋት ከእሱ ቀድማ ገመዱ ጋ ትቆምና፣ በየበሩ ሥርጉድ፣ በየምሰሶው ጥላ መነጽሩን እያስጠጋች ትፈልጋለች። እሱም «አለ?» ይላታል፤ «የለም» ትለዋለች፤ ከዚያ ሁለቱም ወደየሥራቸው። ናፍቃው ይሁን ፈርታው አልጠየቃትም። ምናልባት እሷም አታውቀውም።

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ሲወርድ እንደተለመደው ገመዱ ጋ ቆማ አገኛት። መነጽሩን በፎቶው ታችኛው ጥግ፣ ከመንገዱ ወደ ራሳቸው ቤት ጓሮ የሚያስገባው በር ጥላ በሚታይበት በኩል ይዛ ነበር። ለረጅም ጊዜ ከዚያ አላነሳችውም።

«የለም» አለች፣ እሱ አፉን ሳይከፍት።

ፎቶውን ከገመዱ አውርዳ፣ ፊቱን ወደ ደረቷ አድርጋ፣ በአጠገቡ አልፋ ወደ ፎቅ ወጣች። እሱ ደረጃው ሥር ቆሞ ቀረ። የዚያው ፎቶ ኔጋቲቭ እጁ ላይ ነው፤ ወደ ብርሃኑ ማንሳት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ሳያየው ፖስታው ውስጥ ከተተውና ሄዶ የጓሮው በር መቆለፉን አረጋገጠ።